ሙቁ ወንበር

«መስኮቱን ዝጋው አንተ! በብርድ ልትጨርሰን ነው?»

ሰገነት ማን እንደጮኸ ዞራ አላየችም። እዚህ ሚኒባስ ውስጥ ትልቁም ትንሹም የሚስማማበት ነገር ቢኖር ይኸው አንዱ ነው፤ መስኮት አይከፈትም። የብርቱካን ልጣጭ ሊጥል መስታወቱን ገርበብ ያደረገው ድረስ የተባለው የአምስተኛ ክፍል ልጅ እየተነጫነጨ መልሶ ዘጋው። ከውጭ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለው ሣር ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል። ወሩ ኅዳር ነው። የደብረ ማርቆስ የኅዳር ማለዳ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ጋቢ የደረበውንም ያልደረበውንም እኩል ያንዘፈዝፋል።

ሚኒባሱ ከቆመ ቆይቷል፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ የድረስ ጉንጭ ሳይቀር በስሱ ይንቀጠቀጣል። ሰገነት ጆሮዋን አጠገቧ ወደተቀመጠችው ወደ መቅዲ ጀርባ አስጠግታ ታዳምጣለች። ከሞተሩ ጩኸት ሥር ቀጭን ፉጨት የመሰለ ነገር ይሰማታል። ሲር... ሲር... መቅዲ አየር በሳበች ቁጥር።

«መቅዲ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና...» አለችና ትንሿ ልጅ ቆም ብላ ትንፋሽ ወሰደች። «...ነኝ።»

ሁለት ቃል ለመናገር መሐል ላይ ማረፍ! ሰገነት ፈራች። ይህ ፍርሃት አሁን አሁን የጠዋት ጓደኛዋ ሆኗል፤ ከቤት አብሯት ይሳፈራል፣ የትምህርት ቤቱ በር እስኪከፈት አብሯት ይቀመጣል።

መቅዲ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አስም አለባት። ሰገነት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። የሚኒባሱ ሹፌር የምንይችል ልጅ ናት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የመቅዲ እናት፣ ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታዬ፣ በየማለዳው የልጇን እጅ ሰገነት እጅ ውስጥ እያኖረች «አደራሽን የኔ ልጅ፣ ከትንፋሿ አትለዪ» ትላታለች። የሚነፋውን መድኃኒትም የምትሰጣት ለመቅዲ ሳይሆን ለሰገነት ነው። አደራ ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ በተለይ አደራው ሲር ሲር ሲል።

ሰገነት በመስታወቱ አሻግራ አባቷን አየችው። ከመንገዱ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ደጃፍ ከሌሎቹ ሹፌሮች ጋር ቆሞ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይስቃል። ምንይችል ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ሰፈሩ የሚመርቀው ሰው ነው። ሌሎቹ ተማሪ አመላላሾች ልጆቹን አጥሩ ሥር አራግፈዋቸው ሻይ ቤት ይገባሉ፤ ዘበኛው ጋሽ ባዘዘው በሩን የሚከፍተው ደወሉ ሲቃረብ ነውና ልጆቹ እስከዚያ ውርጭ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ምንይችል ግን «የሰው ልጅ ውርጭ ላይ አልጥልም» ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን አዘግቶ፣ በሩ እስኪከፈት ልጆቹን ውስጥ ያቆያቸዋል።

ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ምንይችል ለሰው አያወራም። የመኪናው ሞተሪኖ፣ ያ ቁልፍ ሲጠመዘዝ ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ፣ ከሞተ ሰንብቷል። ማታ ማታ ቤታቸው ፊት ያለው ቁልቁለት ላይ ያቆመዋል፤ ጠዋት ያንከባልለውና ማርሽ ሲያስገባበት ይነሳል። የትምህርት ቤቱ አጥር ያለበት ቦታ ግን ሜዳ ነው። አንድ ጊዜ እዚያ ቢጠፋበት ሹፌሮቹ ሁሉ ከሻይ ቤት ወጥተው እየገፉ፣ «ምንይችል፣ መኪና ነው ወይስ በሬ ነው የገዛኸው? ቀንበር እናምጣልህ እንዴ?» እያሉ መሳቂያ አደረጉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተሩ እዚህ ቦታ ጠፍቶ አያውቅም።

በሩ ተከፈተ፤ ልጆቹ ተንጋግተው ወረዱ። መቅዲ መሬት እንደረገጠች ጉልበቷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳለች። ሰገነት መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ነፋችላትና እጇን ይዛ ወደ ክፍሏ አደረሰቻት። እሷም ራሷን ያማታል። ጠዋት ጠዋት ራሷን ማመሙ አዲስ አይደለም፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ስለሆነ ሁሉንም በሒሳብ አሳባ ትተወዋለች። ሒሳብ ደግሞ ለመታማት የተመቸ ነው፤ ማንም አይከራከርለትም።

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ የታወቀ ቦታ አለ። የመጨረሻው ረድፍ፣ በግራ በኩል ያለው ጥግ። ልጆቹ «ሙቁ ወንበር» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም እንጂ እዚያ ጋ ወለሉ ይሞቃል፤ እግር ሥር ምድጃ የተጣደ ይመስላል። ጥቅምት ከገባ ጀምሮ ለሙቁ ወንበር ያልተጋፋ፣ ያልተጣላ፣ እናቱን ጠርቶ ያልማለ ልጅ አልነበረም። በመጨረሻ ሰገነት የሹፌር ልጅነቷን ተጠቅማ ፍርድ ሰጠች። «ከዛሬ ጀምሮ ሙቁ ወንበር የመቅዲ ነው፤ እሷ ብርድ አይስማማትም። አበቃ!» ብላ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች። እትዬ ፈንታዬ ይህን ስትሰማ ሰገነትን አቅፋ ሳመቻት፣ «አንችን የወለደ ማሕፀን ይባረክ» አለች። ሰገነት ያን ቀን ቁመቷ የጨመረ መስሎ ተሰምቷት ነበር።

እትዬ ፈንታዬ ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያለቻት መቅዲ ብቻ ናት፤ ለእሷ የማታደርገው የለም። ጤና ጣቢያ በወሰደቻት ጊዜ ሲስተር ሥራነሽ «ጭስ ያለበት ቦታ አታድርሷት» ብላት ነበር። ፈንታዬ ምክሩን በልቧ ያዘችው። በዚያው ሳምንት ምድጃዋን ነቅላ ከግቢው ጥግ፣ ቆርቆሮ ሥር ተከለችው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየደበደባት ውጭ አበሰለች። ኩራዝ ጣለች። የጎረቤት ጭስ ወደ ቤቷ ሲያዘነብል በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ታባርረዋለች፤ ሰው ይስቅባታል፣ እሷ ግድ የላትም።

የኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ። በዚያ ቀን ኅዳር ይታጠናል፤ በሽታ ይውጣ ተብሎ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው በጭስ ይታፈናል። ፈንታዬ ዋዜማውን ልጇን ይዛ በአማኑኤል መንገድ በመኪና ወርዳ፣ ከዚያም በእግሯ ሄዳ ወላጆቿ ዘንድ ገጠር ገባች። ሰገነት ስትሸኛቸው «እትዬ፣ እዚያ ብርዱ አይብስም?» ብትላት፣ «ብርዱማ ይብሳል፤ ሜዳ ነው እኮ፣ ነፋሱ የሚያቆመው የለም። ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ከሁለቱ ጠላቶች በአንዱ መመታት ነው» አለቻት።

ሲመለሱ መቅዲ ከሩቅ እየሮጠች መጣች። እየሮጠች! ጉንጯ በነፋስ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ አፏ ግን አላርፍ ብሏል። ጥጃ እንዳቀፈች፣ ከአያቷ ጋር ማለዳ ውርጩ ላይ እንደሄደች፣ ማታ ከልጆች ጋር ድብብቆሽ እንደተጫወተች ተረከች።

«አልሳልሽም?» አለቻት ሰገነት።

«ምንም! አንድም ቀን!» አለች መቅዲ በአንድ ትንፋሽ።

ፈንታዬ እያማተበች «ሚካኤል ሰምቶኝ ነው» አለች። ሰገነት ግን በልቧ ጠየቀች። ብርዱ እዚያ ከባሰ፣ ልጅቷን የሚያስላት ምኑ ነው?

በማግሥቱ ጠዋት መቅዲ እየዘፈነች ተሳፈረች። ሙቁ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እናቷ አፍና አፍንጫዋን የጠመጠመችላት ነጭ ሻርፕ አዲስ ታጥቦ ያበራል። አጥሩ ሥር ቆሙ። ሞተሩ ይሠራል፤ መስኮቱ ዝግ ነው። መጀመሪያ ዘፈኑ ቀረ። ቀጥሎ ወሬው ቀረ። ጋሽ ባዘዘው ቁልፉን እያንቃጨለ ብቅ ሲል ሰገነት ጆሮዋን የመቅዲ ጀርባ ላይ ለጠፈች። ሲር... ሲር... ተመልሷል።

ወርደው መድኃኒቱን ልትነፋላት ሻርፑን ገለጥ ስታደርግ እጇ ባለበት ቀረ። በነጩ ጨርቅ ላይ፣ ልክ አፍና አፍንጫ በነበሩበት ቦታ፣ ክብ ጥቁረት ወጥቷል። አሸተተችው። የእንጨት ጭስ አይደለም። የአባቷ የሥራ ጃኬት ሽታ ነው፤ ናፍታ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ቤታቸው ካደረሱ በኋላ ምንይችል መኪናውን ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ጎማ ሥር የሚያደርገውን ድንጋይ ሊያመጣ ወረደ። ሰገነት መጥረጊያ ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። መኪናውን መጥረግ የእሷ ሥራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሙቁ ወንበር ሥር ያለውን ምንጣፍ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ዛሬ አነሳችው። ከሥሩ ያለው ብረት በዝገት ተበልቷል፤ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። በቀዳዳው በኩል መሬቱ ይታያል። የማርሚታው ቱቦ፣ ያ የሞተሩን ጭስ ወደ ኋላ የሚያወጣው፣ እዚያው ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠፍሯል። እጇን ወደ ቀዳዳው ስታስጠጋ ለብ ያለ ነገር ተነፈሰባት።

እጇን ስታወጣ መዳፏ ጠቁሮ ነበር። ምድጃው ይኸው ነው። ልጆቹ የተጋፉለት ሙቀት፣ እሷ ፈርዳ ለመቅዲ የሰጠቻት ዙፋን ይኸው ነው። እትዬ ፈንታዬ በነጠላዋ ስታባርረው የከረመችውን ጭስ፣ ሰገነት በገዛ እጇ እየመራች ልጅቷን በየማለዳው ወስዳ ስታስቀምጥበት ኖራለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ያደረገችው የፈሪ ነገር ነው። በማግሥቱ ለማንም ምንም ሳትናገር መቅዲን ከፊት ረድፍ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጠቻት። ሙቁ ወንበር አንድ ደቂቃ እንኳን ባዶ አልሆነም። ድረስ በሰው ትከሻ ላይ ዘሎ ገባበት።

«ድረስ፣ ተነስ ከዚያ» አለችው።

«ለምን ሲባል? አንች ነሽ ያስለቀቅሽው፤ እኔ ወረስኩ። አቦ አታካብጅ!»

«እሱ ወንበር... ጥሩ አይደለም።»

«ለመቅዲ ሲሆን ጥሩ፣ ለእኔ ሲሆን ጥሩ አይደለም? ነቄ ነን እኮ!»

ልጆቹ ሳቁ። ሰገነት ተመልሳ መቅዲ አጠገብ ተቀመጠች። ምክንያቱን መናገር ማለት የአባቷን መኪና ገመና ሃያ ልጅ ፊት መዘርገፍ ነው፤ ሃያ ልጅ የሰማውን ደግሞ ሃያ ቤት እራት ላይ ያወራዋል። ድረስ ያን ቀን ሲወርድ ግንባሩን ይዞ ነበር። በማግሥቱ አጥሩ ሥር አስመለሰው፤ «የጠዋቱ ሽሮ ነው» ብሎ አፉን ጠረገ። ሰገነት አየችው፤ የሽሮው እንዳልሆነ ታውቃለች። ጭሱን ከአንዱ ልጅ ወስዳ ለሌላው ማከፋፈሏ ነው።

ያን ዕለት ማታ ሲመሻሽ አባቷ ጎማ ሲፈትሽ አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ ከኋላ ወለሉ ተቀዷል። ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል።»

«ማርሚታውን በሽቦ አስሬዋለሁ እኮ።»

«ሽቦው አልያዘውም። መቅዲን የሚያስላት እሱ ነው። ድረስም አስመልሶታል። ቢያንስ ስንቆም ሞተሩን አጥፋው።»

ምንይችል ቀና ሳይል ሳቀ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ! ልጅቷ ድሮም አስመኛ ናት። ከተማው ውስጥ ሞተሩን የማያጠፋው እኔ ብቻ ነኝ? አጥሩ ሥር የተደረደረውን መኪና አታይም?»

«የእነሱ ወለል አልተቀደደም።»

ሳቁ ቆመ። ተነሥቶ ወደ ጎረቤት አጥር ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ሰገነት። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ ሞተሪኖው ከባሕር ዳር ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ስንት ጊዜ ሆነኝ? ሲመጣ ወለሉንም አስበየዳለሁ። እስከዚያ ወላጆች ይህን ቢሰሙ ነገ ጠዋት አንድም ልጅ አይሳፈርም። ከዚያ ምን እንበላለን? ለማንም እንዳትተነፍሽ። ዝም አይነቅዝም።»

ሰገነት አባቷን አየችው። ዓይኑ አሁንም ከጎረቤት አጥር አልተነሳም። እሱም ይፈራል። ይህን ማወቋ ከሁሉ በላይ አስፈራት፤ እስከ ዛሬ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ የምትሮጠው ወደ እሱ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማለዳ ከሁሉም የከፋ ውርጭ የወረደበት ነበር። አጥሩ ሥር ሲቆሙ የሚኒባሱ መስታወት በልጆቹ ትንፋሽ ታውሯል። ከፊታቸው የሌላው ተማሪ አመላላሽ የዓለምነው መኪና፣ ከኋላቸው ሦስት ባጃጅ፣ ሁሉም ይንተከተካሉ፤ ከአጥሩ ወዲያ የአንደኛ ክፍል ልጆች መማሪያ መስኮት አለ። ምንይችል «አትውረዱ፣ ብርድ ነው!» ብሎ በሩን ዘጋና ወደ ሻይ ቤት ተሻገረ።

መቅዲ ከፊት ሆናም ሲር ሲር ትላለች። አየሩ ከብዷል። ሰገነት ራሷን በመዶሻ የሚመቷት ያህል ይወቅራታል። ወደ ኋላ ዞረች። ሁልጊዜ የማያርፈው ድረስ ዛሬ ድምፅ የለውም፤ ሙቁ ወንበር ላይ አንገቱን ጥሎ ተኝቷል።

«ድረስ።»

አልመለሰም።

«ድረስ!» ልጆቹን እየጣሰች ሄዳ ትከሻውን ነቀነቀችው። ጭንቅላቱ ወደዚህ ተንከባለለ፣ ወደዚያ ተንከባለለ። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አያት፤ ያያት ግን አይመስልም። መልሶ ከደነው።

«ተዪው በናትሽ፣ ማታ ፊልም ሲያይ አምሽቶ ነው» አለ አንዱ።

ሰገነት ወደ በሩ ዞረች። በሩ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፤ የውስጥ እጀታው የተሰበረ ነው። መስኮቱን አጥብቃ ሳበች፤ ውርጩ አጣብቆታል። «አባዬ!» ብላ መስታወቱን ደበደበች። ከማዶ ሹፌሮቹ ይስቃሉ፤ የሰማት የለም። በሞተሩ ጩኸት ማን ይሰማል?

ወደ ፊት ሮጠች። የሹፌሩን ወንበር ተሻግራ ተዘረጋችና እጇ ቁልፉ ላይ አረፈ። ቁልፉም እንደ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል። ሜዳ ነው፤ ካጠፋችው አይነሳም። ሹፌሮቹ ይስቃሉ፣ ወላጆች ይጠይቃሉ፣ አባቷ... የአባቷን ፊት ልታስበው አልፈለገችም። ከኋላዋ መቅዲ ሳለች።

ቁልፉን ጠመዘዘችው።

ሚኒባሱ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨና ዝም አለ። መንቀጥቀጡ ሁሉ ቆመ። «እንዴ! ጠፋ!» አለ አንዱ ልጅ። ሰገነት በሹፌሩ በር ወጥታ ዞራ የጎኑን በር በሁለት እጇ ጎትታ ከፈተችው። ውርጩ እንደ ውኃ ፈሶ ገባ።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ! ድረስን አግዙኝ!»

ሦስት ሆነው እየጎተቱ አወረዱትና ነጩ ሣር ላይ አጋደሙት። ጉንጩን በውርጩ አሸችው፤ ስሙን እየጠራች አሸችው፤ እያለቀሰች እንደሆነ አላወቀችም። ድረስ ሳል አደረገ፣ በጎኑ ተገልብጦ አስመለሰ፣ ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።

«ምን... ሆኜ ነው? ደወል ተደወለ?»

ሰገነት የመለሰችለትን አታስታውስም። ምንይችል የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መንገዱን አቋርጦ ሲመጣ አየችው። ከኋላው አንዱ ሹፌር «ምንይችል፣ በሬህ ተኛ!» ብሎ ይስቃል።

«ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ።»

አፉን ከፈተ። ሰገነት ዓይኗን ጨፈነች። የጠበቀችው ጩኸት ግን አልመጣም። ስትገልጥ አባቷ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል፤ የሆነ ነገር ያዳምጣል።

«ይህ የምን ድምፅ ነው?» አለ።

ሲር... ሲር... መቅዲ የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ፣ አየር ትፈልጋለች።

«መቅዲ ናት» አለች ሰገነት። «ስትተነፍስ ነው።»

«ዛሬ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ሞተሩ ነው የማያሰማህ።»

ምንይችል ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው፤ ሻዩ ሣሩ ላይ ተደፋ። ሰገነት መድኃኒቱን ስትነፋላት ከፊታቸው ተንበርክኮ፣ የልጅቷ ትከሻ እስኪረጋ ድረስ አፏን አፏን ሲያይ ቆየ። ጋሽ ባዘዘው ደወል ሳይጠብቅ በሩን ከፍቶ ድረስን ደግፎ አስገባው። ሹፌሮቹ ተሰብስበው «ና እንግፋልህ» አሉት።

«ተዉት» አለ ምንይችል። «ዛሬ አይገፋም።»

ማንም አልሳቀም። ዓለምነው ወደ ራሱ መኪና ሄደና ሞተሩን አጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ሰገነት ከክፍል ስትወጣ አባቷ በእግሩ መጥቶ በር ላይ ጠበቃት። ወለሉ እስኪበየድ ልጅ እንደማይጭን ነገራት፤ ከዚያ በኋላም ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ዳገት ጫፍ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ እንደሚያቆም፣ ልጆቹ ቁልቁል በእግራቸው እንደሚወርዱ፣ ጋሽ ባዘዘውም በሩን ቀደም ብሎ ሊከፍት እንደተስማማ ጨመረላት። ለድረስ እናት ቤታቸው ሄዶ ነግሯል፤ ሰድበውታል፣ ዝም ብሎ ሰምቷል። ልጁም ጤና ጣቢያ ታይቶ ደህና ነው ተብሏል። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኗን አላየም።

«የፈንታዬ ነገር ግን...» አለና ቆመ። «እሷ አንድ ልጅ ነው ያላት። ልቧ አይችልም። ቀስ ብለን፣ ሌላ ቀን እንነግራታለን። መቅዲም ከእንግዲህ ይሻላታል። እሽ?»

ሰገነት መቅዲን ቤት አድርሳ ለራሷ እናት ሰጥታ፣ ነጩን ሻርፕ ከልጅቷ አንገት ፈትታ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ገበያው አቅጣጫ ሄደች። አባቷ ወዴት እንደምትሄድ ገብቶታል፤ አልጠራትም።

ወፍጮ ቤቱ ከሩቅ ይጮሃል። በሩ ላይ ስትደርስ መሬቱ ከእግሯ ሥር ይርገበገባል። እትዬ ፈንታዬ ከውስጥ፣ ሽፋሽፍቷ ድረስ በዱቄት ነጥታ፣ የሰው ጤፍ ትፈጫለች። ሰገነትን ስታይ ፊቷ በአንድ ጊዜ ተለወጠ።

«ልጄን ምን አገኛት?»

«ደህና ናት! ቤት ናት!»

«ምን? አይሰማኝም!»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። «ሰላም ልልዎት ነው የመጣሁት» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ጩኸቱ ሁሉንም ይውጠዋል። ፈንታዬ ስለ ሙቁ ወንበር ስትሰማ ያን ቀን የሳመችበትን አፍ ምን እንደምታደርግበት ማን ያውቃል? አባቷን ይቅር ልትል ትችላለች፤ አደራ የተቀበለው ግን አባቷ አልነበረም።

«እትዬ!» አለች ባላት ድምፅ ሁሉ። «ወፍጮውን ያጥፉልኝ!»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አጉረመረሙ። ፈንታዬ እጇን ዘርግታ ማጥፊያውን ሳበችው። ወፍጮው እያቃሰተ ቀዘቀዘና ቆመ። ቤቱ ውስጥ አየር ላይ የቀረው ዱቄት ብቻ ሆነ።

«ይኸው፣ ጠፋ» አለች ፈንታዬ። «ንገሪኝ።»

ሰገነት ቦርሳዋን ከፍታ ሻርፑን አወጣችና የጠቆረውን ወገን ወደ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ዘረጋችላት።